ከልብስ ሰፊው ዘንድ የጠፋው ስንኝ

የቅርስ ዘብ የሌለው ሰፈር የለም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለውም፤ ከሥልጣኑ የሚያወርደው መንግሥት ግን ገና አልተወለደም። የእኛ ሰፈር ክቡር ዘብ ልብስ ሰፊው ናቸው። ሜትራቸውን እንደ ኒሻን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ «የአባቶች ቃል አይሸራረፍም» ይላሉ፤ የሰው ሱሪ እየሸራረፉ።

ቅርስ የሚሉት በየሰርጉ የሚያወጡትን አንድ የቆየ ዘፈን ነው። ዜማው ሽማግሌ ያስጨፍራል። ሦስተኛው ስንኝ ግን ቆዳው የጠቆረውን ሰው ከከብት ጋር ደምሮ ዋጋ ያወጣለታል። ከበሮውን የሚመታላቸው የልብ ወዳጃቸው አናጢው ደግሞ ስንኙ የሚሰድበው ዓይነት የጠቆረ ቆዳ ያለው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የገዛ ስድቡን በከበሮ አጅቧል። ልብስ ሰፊው ይህን «የሕዝቦች መቀራረብ» ይሉታል።

ዘንድሮ የአናጢው ልጅ ልታገባ ሆነ። የሰርግ ቀሚሷን ስትለካ በመስታወቱ እያየቻቸው፣

«ጋሼ፣ ያቺን ስንኝ በእኔ ሰርግ ይተዉልኝ። አባዬ ከእርስዎ ጋር ዘፍኖ ሲመጣ ከማንም ጋር አያወራም» አለች።

«ልጄ፣ የአባቶችን ቃል የምሸራርፍ እኔ ማን ነኝ?» አሉ፣ ስፒል በነከሰ አፋቸው።

«እሺ። ልብስ ሰፊዎችን የሚሰድበው ስንኝስ የት ሄደ? አያቴ ሲዘፍኑት ሰምቻለሁ።»

«እሱማ… በዘመን ብዛት ጠፋ።»

«የጠፋው እርስዎ እጅ ከገባ በኋላ ነዋ።»

ስፒሉ ከንፈራቸውን ወጋቸው።

የሰርጉ ዕለት ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ አናጢው እጁን ከከበሮው አንስቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ዘፋኝ ከፊት ይቆማል፣ ከበሮ መቺ ከኋላ፤ ስለዚህ ክቡርነታቸው ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ስንኝ ላይ የወዳጃቸውን ፊት አይተው አያውቁም። የከበሮው መቋረጥ ግን አዞራቸው። አዩት። አናጢው መሬት መሬት ያያል።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልብስ ሰፊን አትመኑ፣ ጨርቅ ሌባ ነው፤
ከሙሽራ ቀሚስ ለሚስቱ ቀነሰው።»

ከበሮው እየዘለለ ተመለሰ። ሙሽራዋ የቀሚሷን ጫፍ ለሕዝብ ዘርግታ አሳየች፤ እውነትም ትንሽ አጥሯል።

በማግስቱ ሱሪ ፍለጋ ሱቃቸው የሄደ ሁሉ ትምህርት ተሰጠው። «ዋናው ግጥም ይኼኛው ነው። ያኛውን የሰነቀሩት በኋላ የመጡ በራዦች ናቸው። የአባቶች ቃል አይሸራረፍም።» አናጢው በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ውሸቱን በሙሉ ልቡ እየመሰከረ ራሱን ይነቀንቃል።

እንዲህ ያለውን ዘብ በማንም አንለውጥም፤ ሱሪያችን እስከ ዛሬ ባይደርስም።