አሞኝ እንኳ አልቀረሁም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእህቴም ቢሆን። ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋር ሰው ምስጢር የሚጠብቀው ታማኝ ስለ ሆነ አይምሰላችሁ፤ መናገር ስለሚከብደው ነው። ዛሬም የምጽፈው ደፍሬ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዲት የማውቃት ሴት አፍንጫዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ በዚያው መዳፍ አገጬን ይዛ፣ ግራና ቀኝ እያገላበጠች ሳመችኝ። ከሳመችኝ በኋላ፣ አስተውሉ፣ ከሳመችኝ በኋላ፣ ጉንፋን እንደያዛት ነገረችኝ። ቅር እንዳለኝ ከፊቴ አይታ ነው መሰል፣ “ጉንፋን እኮ ነው” ብላ አጽናናችኝ።

ይህችን አባባል የፈጠረውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ምን እለው ይሆን? ምንም አልለውም፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በልቤ ግን ብዙ እለዋለሁ። “ወባ እኮ ነው” ብሎ የሚያጽናና ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኅዳር በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። ለምን? ቅድመ አያቶቻችንን በየቤታቸው ለፈጀው በሽታ መታሰቢያ ነው። በሽታው ምን ነበር? ጉንፋን! እኛ ግን በጭሱ እየሳልን፣ ዓይናችንን እያሻሸን፣ “ጉንፋን እኮ ነው” እንባባላለን።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ። ተዋሲያን በሳልና በእጅ እንዴት እንደሚተላለፉ ሳስተምር ድምፄ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። ሳሎናችን ውስጥ ግን ድምፅ የለኝም። ሳሎኑ የአባቴ ነው። አባባ በእድሜ የገፉ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ሰው የሚወዱ፣ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያው በኅዳር ውርጭ ነው። አባባን ጉንፋን ያዛቸው። ይህ ሰው የሚያስነጥሰው ተራው ዓይነት አልነበረም፤ ጠዋት ደህና የነበረውን ሰው ከሰዓት በኋላ አጥንቱን ሰባብሮ የሚያስተኛው፣ ሐኪሞች ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከልጅ ልጃቸው የተረፈ የአሞክሳሲሊን ፍሬ በብጣሽ ወረቀት ጠቅልለው አመጡ፤ ለሳል ፍቱን ነው አሉ። መድኃኒቱ ቫይረስ እንደማይነካ አውቃለሁ። አስተምራለሁም። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው፤ እኔ የቀረብኝ ደጃዝማችነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ።

አባባ ትንሽ ተሻላቸውና ማኅበር ሄዱ። ሲመለሱ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቁጭ ባሉበት ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካሉ። ሳሎኑ የሞላው ሰው ምች ነው ብሎ ፈረደና ዳማከሴ አሽቶ ቀባቸው። በማግስቱ ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ያደረስኳቸው። እዚያ ያገኘናት ወጣት ዶክተር አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጉንፋን ራሱ ካልገደለ በሩን ከፍቶ ሌላ በሽታ ያስገባል፣ ሳንባቸው ውስጥ የገባው ይኸ ሌላው፣ የሳንባ ምች ነው አለችኝ። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር ወይም አስም ያለበት ሰው ጉንፋን ሲይዘው መጠበቅ የለበትም፤ ተሽሎት የነበረ ሰው ትኩሳቱ ከተመለሰና ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ማንም ቢሆን በዚያው ሰዓት ይምጣ አለች። አባባ ታክመው ሲወጡም አደራ ሰጠችኝ፤ ሳንባቸው ገና አልጠነከረምና የሚያስል ሰው እንዳይጠጋቸው። አሁን ቢደገምባቸው ግን...።

የሚያስል ሰው እንዳይጠጋ! በእኛ አገር! እኛ ዘንድ የታመመ መጠየቅ ወግ ነው፤ ታሞ የታመመ መጠየቅ ግን ማዕረግ ነው። አባባ ቤት በገቡ ማግሥት የልብ ወዳጃቸው ጋሼ ታረቀኝ፣ የእድራችን ዳኛ፣ በጋቢ ተጀቡነው፣ ከበሩ ጀምሮ እየሳሉ ገቡ። አባባን አቅፈው ሳሟቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “አሞኝ እንኳ አልቀረሁም” አሉ። ቤቱ በአድናቆት ተነቀነቀ። ደህና ሆነው የመጡት አፈሩ። ከሉማሜ በአውቶቡስ የመጡ አንድ ዘመዳችን ላለመበለጥ ብለው ሁለት ጊዜ አስነጠሱ። መስኮት ስከፍት ብርድ ይመታቸዋል ብሎ አንዱ ይዘጋል፤ ደግሜ ስከፍት ሌላው ይዘጋል። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ሁሉ መድኃኒት አንድ ላይ የሚውጥ በሽተኛ አለ?

እንዲሄዱ መንገር አልቻልኩም። ስለዚህ ቁልፍ ገዛሁ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቤቱ ባዶ እንዲመስል የግቢውን በር ከውጭ እቆልፋለሁ፤ ስመለስ በጓሮ፣ በባሕር ዛፉ በኩል እገባለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚል ተረት አለ፤ በሽተኛውን ስለ ደበቀ ግን እስካሁን አልተተረተም። አባባ በንዴት አበዱ። ነፍሴ ሳትወጣ ሳጥን ውስጥ ከተትሽኝ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ታረቀኝ ምን ይለኛል አሉ። እኔም በጓሮ መስኮት ፀሐይና ንጹሕ አየር አስገብቼ፣ ሾርባቸውን አቅርቤ፣ መድኃኒታቸውን ሳላጓድል ሰጥቼ ስድባቸውን አደመጥኩ። ለመሳደብ የሚበቃ ትንፋሽ ማግኘታቸው ራሱ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰው ግን የተዘጋ በር ዝም ብሎ አያልፍም። እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ያዙኝና አባትሽን ጠበል ወሰድሻቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ ሰፈር አንገት መድፋት አዎ ማለት ነው። ይኸው ነው ውሸቴ፤ ምላሴ እንኳ አላወቀውም። እስከ ማታ በሰፈሩ ወሬ አባባ ደምበጫ ማዶ ካለ ጠበል ወርደው ነበር፤ በታመሙ በሦስተኛው ቀን በራእይ ተነግሯቸው እንደ ወረዱ ሁሉ ተወርቶ ነበር።

አባባ ዳኑ። ቁልፉን አነሣሁት። ሰው ጎረፈ፤ ጠበሉ ተመሰገነ። አባባ እኔን ሰረቅ አድርገው አዩኝና እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። ከሰፈሩ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ ታረቀኝ።

አመሻሹ ላይ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ታረቀኝ ትራስ ደርበው ተቀምጠዋል፤ መተኛት አቅቷቸዋል። ባለቤታቸው ጉንፋኑ ለቋቸው እንደነበረና እንደገና እንደ ተመለሰባቸው ነገሩኝ። ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይነሣል ይወድቃል። አውቀዋለሁ ይህን አተነፋፈስ። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ አልኩ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው የሰማው የመጀመሪያው ንግግሬ ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ ታረቀኝ እጃቸውን አወናጨፉ። ጉንፋን እኮ ነው አሉ። አባትሽን ያዳነ ጠበል ለእኔ አይሰንፍም፣ የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ አሉ።

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ጠበል አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ፤ የንስሐ አባታችንም ጠበሉንም ሐኪሙንም አትተዉ የሚሉ ሰው ናቸው። ግን አባባን ወስጄ ያላስጠመቅሁበትን ጠበል የት ብዬ ልንገራቸው? እውነቱን ብናገር አባባን ውሸታም፣ ራሴን በአገር ሁሉ ላይ በር የቆለፈች ሴት አደርጋለሁ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ በግትርነት ከአልጋቸው አይነሡም። ብዘገይ ደግሞ ይሞታሉ። ራሴ ወስጄ አሳይዎታለሁ፣ አሁን እንሂድ አልኩ። ጠበል በባዶ ሆድ በማለዳ ነው እንጂ በምሽት ማን ይጠመቃል ብለው ሳቁብኝ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። የደፋሁት አንገት አንድ ሌሊት አስከፈለኝ። ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ፤ በእሳቸው፣ በእትዬ ብርቄ፣ በራሴ፣ በሰፈሩ ሁሉ እንደ ተናደድኩ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ባጃጅ ይዤ በራቸው ቆምኩ። ጋሼ ታረቀኝ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባለቤታቸው ያስያዟቸውን ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው ወጡ። ባጃጁ ወደ ሆስፒታሉ ሲታጠፍ አላወቁም፤ ለማወቅም ትንፋሽ አልነበራቸውም። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ጀሪካኑን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ጠበሉ የታለ?” አሉኝ።

“አባባ የዳኑት እዚህ ነው” አልኳቸው።

ለመቆጣት ቢሞክሩም ጉልበት አጡ። ከባጃጁ ሾፌር ጋር ደግፈን አስገባናቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ መድኃኒትም በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ትንሽ ሲቆዩ ከንፈራቸው ወደ ቀለሙ ተመለሰ። በጣታቸው ጠሩኝ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። የኦክስጅኑን ጭምብል ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉና ግራና ቀኙን አይተው አንሾካሾኩ፦

“ልጄ፣ ሰው ከጠየቀሽ ጠበል ወርዷል በያቸው። ታረቀኝ በጉንፋን አልጋ ያዘ እንዳይሉኝ።”

ይህን ብለው ፊቴ ላይ ሳሉብኝ።

ጭምብሉን በራሴ እጅ መልሼ አፋቸው ላይ ገጠምኩና፣ እስከ መጨረሻው አልጋ በሚሰማ ድምፅ፣ “እሺ ጋሼ፣ እላለሁ። እርስዎ ግን ወደዚያ ዞረው ይሳሉ” አልኳቸው።