የአያ ሰይድ በግ

እናንተ የእስላሙን በዓላት ለይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከአዲ አርቃይ ወጥቼ ጎንደር ላይ እህል መሸጥ ስጀምር ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። ያስተማረኝ ወዳጄ አያ ሰይድ ነው፤ እዚያው አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ይነግድ ነበር።

መጀመሪያ የረመዳን ፍቺ አለ። ወሩን ጾመው ጨረቃ ስትታይ ይፈታሉ። ያን ጊዜ ለድሃ እህል ይሰጣሉ፤ ለቤተሰቡ በየራሱ አንድ አንድ ስፍር። ትናንት የተወለደ ሕፃን ሳይቀር ይቆጠራል! ሁሉን ነገር የምቆጥር ሰው ነኝና ይኼ በጣም ደስ አለኝ። የሰይድ ሚስት ዘይነባ በየዓመቱ ከእኔ ዘንድ ስምንት ስፍር ስንዴ ትወስዳለች፤ ባልና ሚስት፣ ስድስት ልጆች።

ከዚያ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ቆይቶ አረፋ ነው፤ የኢብራሂም በግ የሚታረድበት። ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ ደግሞ መውሊድ፣ የነቢያቸው ልደት፤ ድቤውና መንዙማው ቁስቋም ቤቴ ድረስ ይሰማኛል።

የእኔ ጉዳይ ከአረፋ ጋር ነው። ሰይድ ሁልጊዜ ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን ለቤቱ ያርዳል፤ ሌላውን እኔ በክርስቲያን ቢላዋ አርደዋለሁ። ሥጋችን ለየብቻ፣ ጨዋታችን አንድ ላይ። ግን ምን ያደርጋል፣ በዓላቸው በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። እየሸሸ መጥቶ ሁዳዴ ውስጥ ገባና ስድስት ዓመት እዚያው ከረመ። ስድስት አረፋ ሙሉ እነሱ ሥጋ፣ እኔ የሽምብራ ቆሎ!

«ምነው አያ መርሻ፣ ጾሙ ሳያልቅ ጥርስህ አለቀ» ይለኛል ሰይድ።

በጣቴ ቆጠርኩና፣ በሰባተኛው ዓመት አረፋ ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይውላል አልኩት።

«በጨረቃችንም ላይ ቀረጥ ልትጥል ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሰባተኛው ዓመት ሲደርስ ሰይድ መካ ለመሄድ ተነሣ። አንድ አረፋ ብቻ ቆይ ብዬ ለመንኩት። ስለት አለብኝ አለ። ማኪናው ላይ ወጥቶ፣ «በግህን ዘይነባ ትልክልሃለች። ያለ እኔ እንዳትጠግብ!» አለኝ።

በጉ በቀኑ መጣ፤ ሸጋ ሙክት። ቢላዋዬን ስስል ሚስቴ ከጓዳ፣ «ሰውዬ፣ ዛሬ እኮ ነነዌ ገባ!» አለች። ሁዳዴን ቆጥሬ የነነዌን የሦስት ቀን ጾም ረስቼ! ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስት ቀን መጠበቄ ካልቀረ ምናለ ሰይድን ብጠብቀው ብዬ በጉን አሰርኩት።

መውሊድ ሲደርስ አብረውት መካ የሄዱት ሁሉ ተመልሰው ነበር፤ እሱ ግን የለም። አንዱ ጅዳ ታሞ ቀረ አለ፤ ሌላው ከወደቡ ወዲያ አላየሁትም አለ። የረመዳን ፍቺ ሲደርስ ዘይነባ ስልቻዋን ይዛ መጣች።

«ስንት ልስፈር?» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

«ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ፣ አያ መርሻ? ስምንት!» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስንዴው ሳትነቅል።

በልቤ ሰባት ናቸው አልኩ። በአፌ ግን ስምንት እስኪሞላ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ሰፈርኩላት።

ከዚያ ወዲህ ስንት አረፋ አለፈ። የበጉም ጥርስ ስላለቀ ዱቄት በጥብጬ አጠጣዋለሁ። ትናንት ሚስቴ ተቆጥታ፣ «አንተ ቆሎ እንኳ ቆጥረህ የምትበላ ሰው፣ ይኼ በግ እስካሁን ስንት ቁና ጨረሰ?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ!