የመጋዘኑ በር ላይ ያለው ጠመኔ

በመተማ ቆላ ትራክተር ያለው ወንድ ሁሉ ሐኪም ነው፤ በሽተኛው ግን ሁልጊዜ ትራክተሩ ነው። ከነዚህ ሐኪሞች ሁሉ ስመ ጥሩው ደግሞ የገንዳ ውሃው ሰሊጥ አምራች፣ ክቡር ጋሽ ውባንተ ናቸው።

ጋሽ ውባንተ ሞተር ሲነሳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ትራክተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር በመጋዘኑ የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። በሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከደረሰ፣ የዘር ጊዜ ቢያልፍም ትራክተሩ ሳይታይ ንቅንቅ የለም። «መታየት ሳይበላሽ ነው» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ይቆጣሉ።

ለራሳቸው ሲሆን ግን፣ አይ ጋሽ ውባንተ! የጤና ጣቢያዋ ነርስ እየሩስ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ እያለች በየዓመቱ ትለምናለች። የሳቸው መልስ አንድ ነው፤ «እኔን ምን ነካኝና?» ዓምና በስንት ልመና ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደው፣ ጄኔሬተሩ ሲያስል ሰምተው እሱን ጠግነው ተመለሱ። ክንዳቸውን ማንም ሳይነካው።

አገር ሲስቅ ሚስታቸው የሻረግ አልሳቀችም። የጋሽ ውባንተ ታላቅ ወንድም ባየልኝ ሰሊጥ ሲያሳጭዱ ነዶው መሀል ወድቀው የቀሩት፣ ግፊት እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ነው። እሳቸውም «እኔን ምን ነካኝና» ባይ ነበሩ። ያቺን ቃል በሰማች ቁጥር የሻረግ ባየልኝ ትዝ ይሏታል።

ዘንድሮ መለመኑ ሰለቻት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጠመኔውን አነሳችና በሩ ላይ፣ ከትራክተሩ መስመር ሥር ጻፈች፤ «ውባንተ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሠራ። አንድም ቀን ያልታየ።»

ጋሽ ውባንተ መጥተው አነበቡት። እንዳያጠፉት፣ በሩ ላይ የተጻፈ ሥራው ሳያልቅ አይጠፋም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። በማግስቱ በባጃጅ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እየሩስ መድኃኒት ሰጥታ፣ በጊዜ ስለተደረሰበት እንዳይሰጉ ነግራ ሸኘቻቸው።

ቤት ሲደርሱ ይህንኑ ባጭሩ ነገሯትና በቀጥታ ወደ መጋዘኑ አለፉ። የሻረግ እፎይ ብላ ብትከተላቸው፣ በሩ ላይ «ውባንተ፤ ታይቷል፤ በወሩ ይደገማል» የሚል አገኘች። ከሥሩም በተንጋደደ ፊደል ሌላ መስመር ተጨምሯል፤ «የሻረግ፤ አርባ ስድስት ዓመት የሠራች። አንድም ቀን ያልታየች።»

«ነገ አብረን ነን» አሏት፣ ጠመኔውን ከእጃቸው ላይ እያራገፉ።

የሻረግ «እኔን ምን ነካኝና» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።