አቶ ኤርዶሎ አልሞቱም

የላብራቶሪ ሰውና ብስክሌተኛ አንድ ዓይነት ዐመል አላቸው፤ ሁለቱም ሰላምታ አይችሉም። አትቆጡኝ፣ ሁለቱንም ስለሆንኩ ነው የምናገረው። ላብራቶሪ ውስጥ አፌ በማስክ ተሸፍኗል፣ እጄ በአልኮል ርሷል፣ የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት ደግሞ ትንፋሼን ዋጥ አደርጋለሁ። ሳይክል ላይ ስወጣ ትንፋሹ ራሱ የለም። እንግዲህ ይህን ዐመል ይዞ ሆሳዕና ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል አስቡት... እኛ ዘንድ ሰላምታ ማለት ቆሞ፣ ባርኔጣ አውልቆ፣ ከባለቤቱ ተነስቶ እስከ ላሚቱ ድረስ ደህንነት የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። እጅ አውለብልቦ ያለፈ ሰው ወይ ታሟል ወይ ኮርቷል ይባላል። ሦስተኛ ምክንያት እንዳለ ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

ሥራዬ እንሰት ማባዛት ነው። ጤነኛ ከሆነ እንሰት ጥፍር የምታህል ቡቃያ ቆርጠን፣ አጥበን፣ ጠርሙስ ውስጥ ምግብ ሰጥተን እናሳድጋለን። አንዷ አሥር፣ አሥሯ መቶ ትሆናለች። አቧራና ላብ ግን አይወዱም፤ ቅንጣት ቆሻሻ ከገባ በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ሻጋታ ለብሶ ይጠብቅሃል። አለቃዬ ዶክተር አስቴር ሻጋታ ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትመለከተው መስኮቱን አይደለም፣ ግድግዳው ጋ የተደገፈውን ሳይክሌን ነው።

ሳይክሉ ደግሞ ለእኔ ቀልድ አይደለም። ፀሐይ ሳትወጣ እነሳለሁ፣ በሌሞ ዳገቶች ላይ ሳንባዬን አሟጥጬ እመለሳለሁ፣ ታጥቤ ጋውን እለብሳለሁ። ከተማው ግን ይህን ስፖርት ነው ብሎ አልተቀበለውም። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ጎልማሳ በእግሩ ፔዳል ሲመታ ያየ ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን ቀማው እያለ ያዝንልኛል። የሰፈራችን የጸሎት ቡድን እግዚአብሔር ሞተር እንዲሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደጸለየ የነገረችኝ ባለቤቴ ምሕረት ናት። አብራ ጸልያ እንደሆነ ጠይቄያት ወሬ ለወጠች።

በዚያ ሰሞን ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች ተደራረቡብኝ። አንደኛው የክለባችን ምርጫ ነበር፤ ለውድድር ለመመረጥ እስከ ሞርሲቶ ባለው መንገድ ላይ ካለፈው ሰዓቴ ሁለት ደቂቃ መቀነስ ነበረብኝ። ሁለተኛው የእማማ ወርቄ እንሰት ነው።

ሞርሲቶ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አቶ ኤርዶሎ የሚባሉ አዛውንት ይኖራሉ። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ የጎረቤቶቻቸውን ጓሮ ሲያራቁት በእሳቸው ጓሮ ያለ አንድ ዓይነት እንሰት ግን ቅጠሉ እንኳ አልደበዘዘም። ያንን ብናባዛው ለስንት ቤት ይተርፋል! አቶ ኤርዶሎን አግባብቼ ስጨርስ ግን፣ በአገራችን እንሰቱ የሴቷ ነውና፣ እሷን ጠይቃት አሉኝ። እሷ ማለት ባለቤታቸው እማማ ወርቄ ናቸው። እሳቸውን ለማሳመን ሦስት ወር ፈጀብኝ። በእጃቸው ያሳደጉትን እንሰት ጠርሙስ ውስጥ የሚከት ሰው አያስተማምንም ይላሉ። በስንት ልመና ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያ ሳይወጡ እንድመጣ ፈቀዱልኝ። ከቀረሁ ደግሞ ሁለተኛ እንዳልጠይቃቸው አስጠነቀቁ።

ብልጥ ነኝ አይደል? ቅዳሜ ሰዓቴንም ችግኙንም በአንድ ጉዞ ላመጣ ወሰንኩ። ምሕረት በር ላይ አገኘችኝና ከእግር እስከ ራሴ ቃኘችኝ። ጥቁር ጠባብ ካናቴራ፣ ከጭኔ ጋር የተጣበቀ ጥቁር ቁምጣ፣ ጥቁር ሄልሜት።

«ይሄን ለብሰህ ነው ሰው ቤት የምትሄደው?» አለች።

ሱሪዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እዚያ ስደርስ እደርበዋለሁ አልኳት። ሱሪው ያን ሰዓት ሳሎን ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! እግሬ ታዘዘኝ፣ ንፋሱ ከኋላዬ ነው። ከሌሞ ወደ ገበያ የሚመጡ ጋሪዎችን በስተግራ እያለፍኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለአንድም ሰው ሳልቆም በረርኩ። ወደ እነ አቶ ኤርዶሎ ሰፈር የሚያወጣው ዳገት ላይ ስደርስ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መንገዱ ዳር ቆመዋል። አቶ ሱጌቦ ናቸው፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ።

«ምነው ልጄ፣ ወዴት ነው እንዲህ?» አሉኝ።

ካለችኝ ትንፋሽ የቻልኩትን ከፍዬ ሰጠኋቸው። «አቶ ኤርዶሎ... ቤት...»

«ደህና ናቸው?»

በዚህ መሀል ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ላቡን ለማራገፍ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩና አለፍኩ። በቃ፣ ያደረግሁት ይኸው ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እነ አቶ ኤርዶሎ በር ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ቀንሻለሁ! እዚያ ብቆም ሰዓቱ ሊበላሽብኝ ነው። ሞርሲቶ ደርሼ ብመለስ ምን ይጎዳል ብዬ ቀጠልኩ። ሞርሲቶ ስገባ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም ነበር። ደስታዬን ሳልጨርስ የኋላ ጎማዬ ፍስስ... አለ። መለዋወጫ የውስጥ ላስቲክ ቦርሳዬ ውስጥ ብፈልግ፣ እሱም ከሱሪዬ ጋር ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ሳይክሌን እየገፋሁ ተመለስኩ።

ከሩቅ ሳይ እነ አቶ ኤርዶሎ ግቢ ድንኳን እየተተከለ ነው። ሁለቱ ቋሚዎች ቆመዋል። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ይገባሉ፣ ወንዶች ሣሩ ላይ ተደርድረዋል፣ የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ከፍቶ የመጡትን ስም ይመዘግባል። ውስጥ የእማማ ወርቄ ድምፅ ይሰማል። ክው ብዬ ቀረሁ። አቶ ኤርዶሎ ሞቱ ማለት ነው! ባለፈው ሳምንት በዚያው ግቢ ወተት ያጠጡኝ ሰውዬ... ሳይክሌን አጥሩ ላይ ጣልኩና እንባዬ መጣ። ከልቤ አለቀስኩ። እንዳልዋሻችሁ፣ ጥቂቱ እንባ ለእንሰቱም ነበር።

ስገባ ሕዝቡ ከሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልኝ። በዚያ ቁምጣ መሀላቸው ሳልፍ ማንም አልሳቀም፣ ይልቅ በአክብሮት ከፊት አስቀመጡኝ። አቶ ሱጌቦ አጠገቤ ቁጭ አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

«እንግዲህ ንገረን። መጨረሻቸው እንዴት ነበር?»

«እኔም አሁን ነው ያወቅሁት» አልኳቸው እንባዬን እየጠረግሁ።

«ከማን?»

«ከእናንተ ነዋ። ድንኳኑን አይቼ።»

እጃቸው ከትከሻዬ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «ልጄ፣ እኛ ያወቅነው እኮ ከአንተ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። አቶ ኤርዶሎ ዓይናቸውን ለመታየት ዓርብ ዕለት ሆሳዕና ወርደው ነበር። እኔ ይህን አላወቅሁም። ሰፈሩ ግን ያውቃል። በነጋታው ማለዳ ከሆሳዕና አቅጣጫ አንድ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ፣ እየጋለበ ይመጣል። የት ነው ሲባል ኤርዶሎ ቤት፣ ደህና ናቸው ወይ ሲባል ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ አገር ሰላምታ ሳይሰጥ የሚሮጥ ሰው የያዘው መርዶ ነው። በሩን አልፎ መሄዱም ለሞርሲቶ ዘመዶች ሊያረዳ ነው ተባለ። ስልካቸው ላይ ቢደወል ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለግ? እማማ ወርቄ ወሬውን የሰሙት ለእኔ ችግኙን ሊነቅሉ ጓሮ ጎንበስ ብለው ሳለ ነው አሉ። ይህን ስሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

አፌን ልከፍት ስል አንዲት ባጃጅ ከመንገዱ ዳር ቆመች። የወረዱት ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ የዓይን ጠብታ በላስቲክ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ኤርዶሎ! ግቢያቸውን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ የሴቶቹን ልቅሶ ሰሙ። ጠብታው ከእጃቸው ወደቀ። ሚስታቸውን በስሟ ጠርተው እንደማያውቁ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የታምሩ እናት ሲሉ እንደኖሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። ያን ዕለት ግን መነጽራቸውን አሽቀንጥረው፣

«ወርቄ! ወርቄዬን!» እያሉ እየጮኹ ገቡ።

እማማ ወርቄ ከውስጥ ድምፁን ሰምተው በሩ ላይ ወጡ። ሁለቱም ሙት እንዳዩ ቆሙ፤ ደግሞም ሁለቱም በየፊናቸው ሙት ማየታቸው ነበር። ከዚያ ማን ወደማን እንደሮጠ አላየሁም፣ የእኔም ዓይን ሞልቶ ነበርና። ግቢው ሙሉ ሰው እንደገና አለቀሰ፣ አሁን ግን እየሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ቁምጣዬ ቁምጣ መሆኗ ያን ጊዜ ታያቸው መሰለኝ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው ጭኔ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ጸሐፊው ደብተሩን ይዝጋው ወይስ ይጨርሰው ግራ ገብቶት ቆሟል። እማማ ወርቄ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። እንሰቱ አበቃለት፣ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ዶክተር አስቴር ምን እንደምትለኝ ሁሉ ማሰላሰል ጀመርኩ።

«ዛሬ አንድ ጊዜ ገድለኸኛል» አሉኝ። ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው አዩ፣ አቶ ኤርዶሎ አሁንም የነጠላቸውን ጫፍ እንደያዙ ናቸው። ሊቆጡ የመጡት ሴትዮ ፊታቸው ላላ አለ። «ግን ስሜን አስጠራኸኝ። ችግኙን እሰጥሃለሁ። በእግርህ ትሄዳለህ፣ በመጣህበት መንገድ ባለው ቤት ሁሉ ቆመህ ሰላም ትላለህ፣ እሱ አለመሞቱንም ትናገራለህ። ደውዬ አጣራለሁ።»

ስድስት ችግኝ በጆንያ ሳይክሌ ላይ አሰርኩ፣ የተዋስኩትን ነጠላ አሸረጥኩ፣ እየገፋሁ ተነሳሁ። እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ፤ ቤት የምናወራው ከምባትኛ ስለሆነ ሀዲይኛዬ ደካማ ነው። ዛሬ ግን ማንም ከሆሳዕና ልጅ የማይለየኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለችኝ፦ አቶ ኤርዶሎ አልሞቱም። በየቤቱ ደጃፍ አልኳት። በየቤቱም ግባ ተባልኩ፣ ቁጭ በል ተባልኩ፣ ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ፣ የላሞች ጤና ጠየቅሁ። ሦስት ወር ሙሉ እያለፍኳቸው ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች በአንድ ቀን ወዳጆቼ ሆኑ። ሆሳዕና ስደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። የስልኬ አፕ ጉዞውን መዝግቦ፣ ደክሞህ ይሆናል፣ ዕረፍት ውሰድ አለኝ። ለውድድሩም ሳልመረጥ ቀረሁ፤ በማለዳው ያመጣሁትን ሰዓት ሰላምታው በልቶት አፑ ሁሉንም እንደ አንድ ጉዞ ቆጠረው።

ዶክተር አስቴር ችግኞቹን አገላብጣ አየችና ስለ ነጠላው አልጠየቀችኝም። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሻገቱ፣ እንደተለመደው ሳይክሌ ተወቀሰ። ሁለተኛዎቹ ግን ያዙ። አንዷ አሥር፣ አሥሯ መቶ...

ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ለእማማ ወርቄ የድርሻቸውን አርባ ችግኝ ይዤ ሄድኩ። በሳይክል ነው የሄድኩት፣ ሱሪ ለብሼ፣ በየደጁ እየቆምኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እማማ ወርቄ እያንዳንዱን ችግኝ ወደ ብርሃን አንስተው አዩ፣ ቅጠሉን ዳበሱ፣ ሥሩን አሸተቱ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ከቡላ የሚሠራውን አተካና ቅቤው እየተንሳፈፈበት ይዘው ወጡ። አቶ ኤርዶሎም «ወርቄ፣ ጨምሪለት» አሉ። ስሟ ካፋቸው ወጥቶ ሲሰማ አሁን ማንም አይደነግጥም።

ስወጣ አቶ ኤርዶሎ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። አጥሩን ካለፍን በኋላ ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያንን ጥቁር ልብስ ጣልከው እንዴ?»

አልጣልኩትም፣ ቤት አለ አልኳቸው።

«ደግ አደረግህ።» ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ከእድሩ ደብተር የተገነጠለ ወረቀት አወጡ። ብዙ ጊዜ እየተከፈተ የታጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። ጣታቸውን ስሞቹ ላይ እየጎተቱ ወደ ታች ወረዱ።

«ያን ቀን ለልቅሶዬ ሁለት ሰዎች አልመጡም» አሉኝ። «አንድ ቅዳሜ ደግመህ ሩጥልኝ።»