የተወረሰው ስልክ

እኛ ዘንድ አንድ ዕቃ ጠቃሚ መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው ሥራ ቁልፍ መግዛት ነው። ቤተ ሙከራችንን አይታችሁ ከሆነ፣ ማለቴ በመስኮት አጮልቃችሁ ከሆነ፣ ማይክሮስኮፑም ሰዓት መለኪያውም አሉ። እንዳይሰበሩ ተቆልፎባቸዋል። ተማሪው ግን አንዴ እንኳ ሳይነካቸው ፈተና ላይ ይጠየቅባቸዋል!

እኔ አንኮበር፣ ጎረቤላ አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጆቼ የሚወድቅ ነገር እየፈጠነ እንደሚሄድ በቃላቸው ይወጡታል፤ በዓይኑ ያየ ግን የለም። የአንኮበር ልጅ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተወልዶ፣ ስለ መውደቅ ከመጽሐፍ ይማር? ወግዱልኝ! ስልክ ያለው ይዞ ይምጣ አልኩ። በግቢው ስልክ ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። አሳምሬ አውቃለሁ።

ይዛ የመጣችው ዘይነባ ብቻ ነበረች፤ አሊዩ አምባ የሚነግደውን አባቷን ለምና፣ ያለችውን አንዲት ስልክ ተቀብላ። ከአጥሩ አናት ድንች ለቀቅን፣ እሷ ቀረጸች፣ ቪዲዮውን በዝግታ አጫውተን አየነው። ድንቹ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እርምጃው እየሰፋ ሲሄድ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ጩኸቱ ርዕሰ መምህሩን ጠራብን።

ስልኩ ተወርሶ ቢሯቸው መሳቢያ ውስጥ ገባ። እኔና ዘይነባም ተከትለን ገባን።

"ወላጅ መጥቶ ይውሰድ" አሉ። "አንተም ተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለህ።"

"ስላስተማርኩ ይቅርታ አልጠይቅም!" አልኩ።

የዘይነባ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "ቲቸር፣ ስልኩን ሳልይዝ ቤት ከገባሁ አባቴ ትምህርቱ ይቅርብሽ ነው የሚለኝ።"

እሷ ከትምህርት ልትቀር? በኔ ድንች? ደሜ ፈላ።

"እንግዲያው አባቷን አሁኑኑ ይጥሩልን" አልኳቸው። እሳቸውም ኮስተር ብለው ከመዝገብ ቁጥሩን ፈለጉና ደወሉ።

መሳቢያው ጮኸ።

እሳቸው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ መሳቢያው ዞሩ። መሳቢያው አሁንም ይጮሃል።

"ያንሱት እንጂ፣ ወላጅ ነው!" አልኩ።

መሳቢያውን ከፈቱና ወደኔ ሳያዩ ስልኩን ለዘይነባ ሰጧት። እሷም እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ቤቷ ከነፈች።

ክልከላው እስካሁን አልተነሳም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ድምፅ ነው፤ ስልክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ ብያለሁ። መሳቢያውን ርዕሰ መምህሩ ያውሱናል።