ኖራ የነካት ኳስ

ጠጋ በሉ እስቲ። ከነፋሱ ሸሸት በሉና እዚህ ግንቡ ሥር ተቀመጡ። ወሩ የካቲት ነው፤ የመቀሌ የካቲት ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ አፈር ሳይበትን የዋለ አይመስለውም። ትላንት ያጠብኩትን ሻሽ ከገመድ ላይ ነጥቆ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ጎረቤቴ አመጣችልኝ፣ አላህ ይስጣት። ግን አጣጥፋ ነው ያመጣችው። የሰው ሻሽ ምን ያሳጥፋታል? ዘርግቼ አየሁት። ምንም የለውም። አጥፌ አስቀመጥኩና ደግሞ ተመልሼ አየሁት።

ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ግን ማንም ሳያስቆጥረኝ አውቃታለሁ። ከወሎ ወጥቼ መቀሌ ስገባ የያዝኩት ስንቅ እሷው ነበረች።

እንግዲህ እኔን የመሰለችዋን ሴት ነው የታዳጊዎች ቴኒስ ዳኛ ያደረጓት። አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ።

ሚሊኒየሙ ተከብሮ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ አንድ የቴኒስ ሜዳ ነበር፤ ቀይ አፈር። ጠራጊው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ውሃ እረጫለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ሲባጎ ወጥሬ፣ በሚስማር ከተበሳሳ የወተት ጣሳ ኖራ እየነፋሁ መስመሩን አሰምራለሁ። መረቡንም በመጥረጊያዬ እንጨት እለካዋለሁ። እንጨቱ ላይ በቢላ ያወጣሁት ምልክት አለኝ። እኔ በሌለሁበት ማን ዝቅ እንዳደረገው በምን ይታወቃል?

ጨዋታውን መጀመሪያ ሳየው አልወደድኩትም። ቆጠራው ራሱ ያጠራጥራል። አንድ ጊዜ ሲያገቡ አሥራ አምስት ይላሉ። እሺ። ሁለት ጊዜ ሲያገቡ ሠላሳ። እሺ። ሦስተኛው ላይ አርባ! አርባ አምስት አይደለም እንዴ? አሠልጣኙን፣ ክፍሎምን፣ ጠየቅኩት። «አደይ ዘሀራ፣ ድሮም እንዲሁ ነው» አለኝ፤ አደይ በእነሱ እናቴ ማለት ነው። ድሮም እንዲሁ ነው ይባላል? አምስቷን የሆነ ሰው በልቷታል፤ ድሮ ስለበላት ዝም ተባለ እንጂ።

በዚያ ሜዳ ልጆቹ ሲጋጠሙ ዳኛ አልነበራቸውም። እያንዳንዷ በራሷ በኩል የወደቀችውን ኳስ ገባች ወጣች ብላ ትፈርዳለች። እስቲ አስቡት፤ ሌባ የገዛ ኪሱን ፈትሾ «ምንም የለም» ሲል! ወላጅ ከወላጅ ተጣላ። ክፍሎም እኔ ልዳኝ አለ፤ ከእገሊት አባት ጋር አንድ ሰፈር ነው ተባለ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አመጡ፤ እሱ ደግሞ ከአንዷ አባት ጋር ጁስ ሲጠጣ ታየ። ጁሱን ማን ከፈለ ተብሎ ተጠየቀ። ሁለቱም «እኔ ነኝ» አሉ። ነገሩ ጭራሽ ባሰ።

አንድ ቀን ሁለት ልጆች በአንዲት ኳስ ተናንቀው ሲላቀሱ ትዕግሥቴ አለቀ። መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁና ኳሷን አምጡ አልኳቸው። አገላብጬ አየኋት። ጎኗ ላይ ነጭ አለ። «ዱቄት የላሰ ልጅ አልላስኩም ቢል አፉ ይናገራል፤ ይህቺም መስመሩን ነክታለች» አልኩ። መስመር የነካች ኳስ እንደገባች ነው፤ እሱን ክፍሎም ነግሮኛል። ልጆቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ጠብ ሲነሣ «አደይ ዘሀራ ትጠራ» ሆነ። ክፍሎም ነጥብ ይቆጥራል፣ እኔ መስመር አያለሁ። ለዳኛ ተብሎ የተበየደ ረጅም የብረት ወንበር ነበር፤ እዚያ ላይ ይውጡ አሉኝ። ኖራው ያለው መሬት ላይ፣ እኔ ሰማይ ላይ ተሰቅዬ ምን ልሠራ? በርጩማዬን ማዕዘኑ ላይ አደረግኩ። መጥረጊያዬን ካነሣሁ ወጥታለች፤ ካጋደምኩት ገብታለች። ካልተማመኑ ኳሷን አምጡ እላለሁ። አለቀ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሰዓዳ የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ። እናቷ ዓይደር በኩል ምግብ ቤት ስለምትሠራ የምትውለው ከእኔ ጋር ነበር። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በውሰት ራኬት እየተጫወተች ሁሉንም አሸንፋ ፍጻሜ ደረሰች። ፍጻሜውን የምታሸንፈዋ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ወር ትሠለጥናለች። አንድ ልጅ ብቻ። ሰዓዳ ከመቀሌ ወጥታ አታውቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ ጫማዋን በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍግ ነበር የከረመችው። ምንም አላለችኝም፤ ጫማው ግን ነገረኝ።

ተጋጣሚዋ ሄለን ናት። ደኅና ልጅ። አባቷ ሐጎስ የቢሮ ሠራተኛ ነው። በጥርጣሬ ነገር እኔ ደረሳ ብሆን ሐጎስ ሼኩ ነው። የሜዳውን ወንበር ስለማያምን ከቤቱ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ይመጣል። አዲስ ኳስ ሲከፈት ቆርቆሮውን ያሸታል። ምን እንደሚሸት አላውቅም፤ እኔም ግን ከእሱ ቀጥዬ አሸታለሁ።

ክፍሎም ለፍጻሜው ሌላ ሰው እንፈልግ አለ። አያት በልጅ ልጇ ጨዋታ እንዴት ትዳኛለች? እውነቱን ነው አልኩ። እምቢ ያለው ማን ይመስላችኋል? ሐጎስ! «ሌላውን ሰው አላውቀውም፤ እሷን አውቃታለሁ። ከማላውቀው ይልቅ የማውቀውን መጠርጠር ይቀለኛል» አለ። ምን ይወጣለታል? እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

የፍጻሜው ዕለት ጠዋት መስመር ሳሰምር መጣ። «ከመይ ሓዲርክን፣ አደይ ዘሀራ?» አለኝ። ደኅና አልኩት። «ጤናስ?» ደኅና። «ጉልበትዎስ?» ደኅና። ሰላምታ ሲረዝም ምን ፈልጎ ነው ያሰኛል። ቀጥሎ ለሄለን ከያዘላት ብርቱካን አንዷን አወጣና ይቅመሱ አለኝ። አልቀበል ብል ነውር፣ ብቀበል ጉድ። ተቀብዬ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። እዚያ ሆና እንደ ድንጋይ ከበደችኝ።

ያን ቀንም ነፋሱ እንደ ዛሬው ነበር። ኖራው አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎ በየአቅጣጫው ይቦናል። ልጆቹ እኩል ለእኩል ሲናነቁ ቆይተው መጨረሻ ላይ ለሄለን አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ሰዓዳ ያቺን ነጥብ ከወሰደች ጨዋታው ገና ነው፤ ካጣቻት አዲስ አበባ ቀረ። በሙሉ ክንዷ መታቻት። ኳሷ በሄለን አጠገብ ሽው ብላ አልፋ እኔ ያለሁበት ማዕዘን ላይ፣ እግሬ ሥር አረፈች።

መስመሩን ነካች። አየኋት። ኖራው ብን ብሎ ጫማዬን አለበሰው።

ቀና አልኩ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ሐጎስ እንኳ መነጽሩን ወልውሎ የሚያየው እኔን ነው፤ እኔን ሲጠብቅ ኳሷን አላያትም። ብርቱካኗ ኪሴ ውስጥ አለች። ገብታለች ብል «ድሮስ! አያቷ አይደለች?» ሊባል ነው። እስከዚያ ቀን የፈረድኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። እጄ መጥረጊያውን አነሣ። እኔ አይደለሁም ብዬ አልምልም፤ እጁ የእኔ ነው።

ኳሷን አምጡ አላልኩም። ሌላም ሰው አላለም። ሄለን ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በእኛ ሜዳ ደንብ ደግሞ ኳስ የምትለቅመው የተሸነፈችዋ ናት። ሰዓዳ ለቀመች። ያቺንም አነሣች፣ አገላበጠቻት፣ አንዴ አየችኝና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። እኔ ማዕዘኑን እየጠረግኩ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈጥኜ ጠርጌ አላውቅም።

አሁን «ሐቀኛ ሴት፣ በልጅ ልጇ ላይ ፈረደች» ተባልኩ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እኔም ጠብቄ ነበር። በማግስቱ የሰማሁት ሌላ ነው። «አያት በልጅ ልጇ ላይ? እንዲያው በባዶ? አይሆንም፣ የተቀበለችው ነገር አለ።» ጠዋት ብርቱካን ስቀበል ያየኝ ሰው ነበር ለካ። አንዷ ብርቱካን ከሰዓት ኪሎ ሆነች። በሦስተኛው ቀን በጋሪ ተጭና መጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ስሜን ላተርፍ ልጄን ጣልኩ፤ ስሜም ተከትሏት ወደቀ።

በአራተኛው ቀን፣ የዐስርን ሶላት ሰግጄ ስነሣ፣ ሐጎስ ቤቴ መጣ። ወንበሩን ይዞ! ዘርግቶ ተቀመጠ።

«አደይ ዘሀራ፣ ብርቱካኗን ለጨዋነት ነው የሰጠሁዎት» አለ።

አውቃለሁ አልኩት።

«ሰው ሌላ ነው የሚለው። አሁንማ ራሴንም መጠርጠር ጀመርኩ። ሆዴ ሌላ አስቦ ይሆን እላለሁ።»

ተነሥቼ ብርቱካኗን ከመደርደሪያ አወረድኩ። አልበላኋትም። ቆዳዋ ተጨማዷል። እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«የመጣሁት ለብርቱካኗ አይደለም፤ ለኳሷ ነው» አለ። «ሐቁን ይንገሩኝ። ገብታ ከሆነ ሄለን አትሄድም፤ ሰዓዳ ትሂድ። ልጄን በሰው ነጥብ አልልክም።»

አያችሁ ጉድ? ስጠረጥረው የኖርኩት ሰውዬ! አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፣ ወላሂ ልናገር ነበር። ሰዓዳ ቀደመችኝ። ከጓዳ ኳሷን ይዛ ወጣችና «ይኸው ጋሼ፣ ያቺው ናት» ብላ ሰጠችው። አገላበጣት። መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አገላበጣት። ነጭ የሚባል የለባትም። አሸተታት።

«ሳሙና ሳሙና ትላለች» አለ።

«ከልብሴ ጋር ቦርሳ ውስጥ ነበረች» አለችው።

የጥርጣሬው ሼክ ያን ቀን ማመን ፈልጎ ነበር መሰለኝ። «ተመስገን!» አለ፣ ወንበሩን አጥፎ ተሸክሞ ሄደ።

አጥበሻታል አይደል? አልኳት። አጥቤያታለሁ አለች። ለምን? «አንቺን ውሸታም እንዳይሉሽ።» አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። አፉ ብያለሁ አለች። «ግን እምዬ፣ ሁለተኛ መጥረጊያሽን በእኔ ላይ አታንሺ» አለችኝ።

ሐጎስን ተከትዬ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። እንደምንም ካስወራችሁኝ ጉልበቴን አሞኝ ነበር እላለሁ። ጉልበቴ ደኅና ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሳሙና ከሁለቱም እንደሚቀድም ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሄለን አዲስ አበባ ሄደች። ቤቷ ናፍቋት ወሩ ሳይሞላ ተመለሰች። ዛሬ ዓይደር መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የጉልበቴን መድኃኒት የምገዛው ከእሷ ነው፣ እሽጉን አገላብጬ አይቼ። ክፍሎም አግብቶ አዲግራት ገባ። ሐጎስ ጡረታ ወጣ፤ ወንበሩን ይዞ እየመጣ ሜዳው ዳር ከእኔ አጠገብ ይቀመጣል። ያቺን ኳስ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እኔ መጥረጉን ትቻለሁ፤ መጥረጊያዬን ግን ለአዲሷ ጠራጊ አልሰጠሁም።

ሰዓዳ ራኬቱን አስቀምጣ ዳኛ ሆነች። እዚያ የብረት ወንበር ላይ እሷ ናት የምትወጣው። ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ረምላ ስትጫወት የዳኘችው እሷው ናት። ረምላ መታች፣ ኳሷ ማዕዘኑ ጋ አረፈች። ሰዓዳ «ወጥታለች» አለች። እኔና ሐጎስ እኩል ብድግ አልን። ኳሷን አምጡ!

ኳሷ መጣች። ንጹሕ ናት። ሐጎስ አየና ተቀመጠ። እኔ አፍንጫዬ ጋ አስጠጋኋት። ሳሙና አትሸትም።

ቢሆንም ሁለት ጊዜ አሸተትኳት።