ሃሳባዊ ጋዝ በጂንካ

የብስክሌት ጎማ ነፍተህ ታውቃለህ? ቶሎ ቶሎ ስትነፋ መንፊያው እጅህ ላይ ይግላል። ፀሐይ አልመታው፣ እሳት አልነካው። አየሩ በፍጥነት ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። ፈረንጆች «አዲያባቲክ» ይሉታል። በዚህ ሰው ይከሰሳል ብለህ ትገምታለህ? እኔ ተከስሻለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ ጂንካ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን መንፊያዬን ይዤ ሳስተምር የአውራጃው ካድሬ ጓድ በላቸው ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ስሌት እንዲቀል ብለን በሐሳባችን የምንፈጥረውን ጋዝ፣ እንግሊዝኛው «አይዲያል» የሚለውን፣ ልጆቹ እንዲገባቸው ብዬ «ሃሳባዊ ጋዝ» አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራሁ። ሃሳባዊነት የቡርዧ ፍልስፍና ነው፣ አብዮታችን ግን በቁስ አካላዊነት ይመራል ብሎ ጀመረ ጓድ በላቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ አይደል?

«ይኼ የምትለው ጋዝ በተጨባጭ አለ ወይስ የለም?» አለኝ።

ዳይሬክተራችን አቶ መርሻ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። አለ በል ማለቱ ነው። እንዴት ልበል? የለም ብዬ አስተምሬ?

«በተጨባጭስ የለም፣ ጓድ። እውነተኛው አየር ግን ወደ እሱ ስለሚቀርብ...»

«በቃ። የሌለ ነገር እንደሚያስተምር ራሱ አምኗል።»

ኬንያ ድንበር ጥግ ኦሞራቴ በረሃ ወርጄ መሠረተ ትምህርት እንዳስተምር ተወሰነ። ምሳ አብረን የምንበላ መምህራን እጃቸውን አወጡ። እግሬን የረገጠኝም አወጣ። ሲወጣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። እኔስ? ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም። ተማሪዎቼም ዓመቱን ሙሉ ያለ ፊዚክስ መምህር ቀሩ። ይኼን ማን ይጠየቅበት?

ኦሞራቴ በጭነት መኪና ወረድኩ። ለዳሰነች አርብቶ አደሮች የማስተምረው ጽሑፍ ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን ትምህርት ከዛፍ ጥላ ሥር ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ጭቆና ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ማንም ሳይፈራ የልቡን ይናገራል። አስተርጓሚው ነገራቸው።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቁኝ።

«ይህ አገር ከዚህ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

የሌለ ነገር አስተማርክ ብሎ በዚህኛው ግን ማንም አልከሰሰኝም።